ለአዲስ መንጃ ፈቃድ ያዥ ልጅ፦ ኢንፊኒቲ ጂ37 ወይስ ቶዮታ ካምሪ?

በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩ፣ ልጆቻቸው ለመንጃ ፈቃድ የደረሱላቸው ወዳጆቼ በየጊዜው እየደወሉ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ልጁ ኢንፊኒቲ ጂ37 ካልገዛችሁልኝ ብሎ ቤቱን አምሶታል፤ ዋጋውም ከካምሪ ይረክሳል፤ ብገዛለት ምን አለበት?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከመድገም አንድ ጊዜ በጽሑፍ ማስቀመጡን መርጫለሁ። መልሴ ካምሪ ነው፤ እሱም ባለ አራት ሲሊንደሩና ከ2015 እስከ 2017 የተሠራው። ጂ37ን ግን መንዳት ለጀመረ የ17 ዓመት ልጅ በነጻ ቢሰጡኝ እንኳ አልቀበልም።

ማስታንግንና ካማሮን የመሳሰሉ የፍጥነት መኪኖችን ለንጽጽር ያላቀረብሁት ሆን ብዬ ነው። እነዚያን መኪኖች ወላጅ ገና ከሩቅ ሲያያቸው «አይሆንም» ይላል፤ ስለዚህ ብዙም አያሳስቡኝም። የሚያሳስበኝ አራት በር ያለው፣ ሲያዩት የቤተሰብ መኪና የሚመስል፣ «ኒሳን የሠራው ነው፤ ጃፓን ነው» ተብሎ በቀላሉ የሚታለፈው ጂ37 ነው። በዚያ ጨዋ መልክ ውስጥ 328 የፈረስ ጉልበት ያለው ቪ6 (ባለ ስድስት ሲሊንደር) ሞተር ተቀምጧል፤ ብዙዎቹም በኋላ ጎማ የሚነዱ ናቸው። ካምሪው 178 የፈረስ ጉልበት አለው። አዲስ አበባ ውስጥ በላዳ መንዳት የተማረ ወላጅ የመኪናን አደጋ በመልኩና በዕድሜው ይገምታል እንጂ፣ የለመደው ላዳ የዚህን ሞተር ሩብ ጉልበት እንኳ እንደማይሞላ አያስብም።

ከዋጋው እንጀምር፤ ወላጅን የሚያሳስተው እሱ ነውና። በእኛ አካባቢ ከ100 ሺህ ማይል በላይ የሄደ የ2011 ወይም የ2012 ጂ37 በ8,500 ዶላር ገደማ ይገኛል። ተመሳሳይ ማይል የሄደ የ2016 ካምሪ ግን 12,000 ዶላር ገደማ ይጠየቅበታል። ልዩነቱ 3,500 ዶላር ነው፤ ሁለት ሥራ ለሚሠራ ቤተሰብ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ይህ ልዩነት የት እንደሚገባ ማስላት ያስፈልጋል።

አንድ ወዳጄ ለዚያው ለ17 ዓመት ልጁ፣ በዚያው በቤተሰቡ የኢንሹራንስ ውል ውስጥ፣ የሁለቱንም መኪኖች ዋጋ አስጠይቆ ነበር። ልጁ በካምሪው ሲመዘገብ በወር 290 ዶላር ገደማ፣ በጂ37 ሲመዘገብ ደግሞ 460 ዶላር ገደማ ተባለ። በዓመት ሲሰላ የ2,040 ዶላር ልዩነት ነው። ነዳጁ ይቀጥላል፦ ጂ37 በአማካይ በጋሎን 22 ማይል ይሄዳል፤ ፋብሪካው የሚመክረውም ፕሪሚየም ቤንዚን ነው። ካምሪው 28 ማይል ይሄዳል፤ መደበኛው ቤንዚን ይበቃዋል። መደበኛው 3.20 ዶላር፣ ፕሪሚየሙ 4.10 ዶላር ቢሆንና ልጁ በዓመት 12,000 ማይል ቢነዳ፣ ለጂ37 2,236 ዶላር፣ ለካምሪው 1,371 ዶላር ይወጣል፤ ልዩነቱ 865 ዶላር ነው። ኢንሹራንሱና ነዳጁ ሲደመሩ 2,905 ዶላር ይሆናሉ። ስለዚህ በግዢው ቀን «አተረፍሁ» የተባለው 3,500 ዶላር፣ መኪናው አንድም ቀን ጋራዥ ሳይገባ፣ በአንድ ዓመት ከሦስት ወር ውስጥ ተመልሶ ሄዷል ማለት ነው።

ጎማም አለ። ስፖርት የሚባለው ጂ37 ባለ 18 ኢንች ቸርኬ ሲሆን የኋላ ጎማዎቹ ከፊቶቹ ይሰፋሉ፤ በዚህም ምክንያት የፊቱን ወደ ኋላ እያዘዋወሩ ዕድሜያቸውን ማራዘም አይቻልም። የኋላዎቹ በወጣት እግር ሥር ምን ያህል እንደሚቆዩ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ጥሩ የሚባሉ አራት ጎማዎች ከ800 ዶላር በላይ ያስወጣሉ፤ ለካምሪው ባለ 16 ኢንች ግን በ500 ዶላር ገደማ ይገኛሉ። ብዙ ባለቤቶች ይህን ወጪ ለመሸሽ ያገለገለ ጎማ ይገጥማሉ። መኪናውን ለማየት የሚሄድ ሰው በጎማው ጎን ላይ DOT ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብብ፤ 2315 ከሆነ ጎማው በ2015 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ገና አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ አርጅቷልና በዝናብ መንገድ አይዝም።

ኢንሹራንሱን ለማቅለል ሲባል ልጁን ሳያስመዘግቡ መኪናውን በአባት ስም ብቻ የሚያስገቡ አሉ። በቤት የሚኖርና ዘወትር የሚነዳ ልጅ መኖሩን መደበቅ፣ አደጋ በደረሰ ቀን ኩባንያው ክፍያውን የሚከለክልበትን ምክንያት በእጁ ማስያዝ ነው። ያኔ የሌላውን ሰው የሆስፒታልና የመኪና ኪሳራ ቤተሰቡ ከኪሱ ይጠየቃል።

ወደ ጥገናው ስንመጣ የጂ37 ሞተር በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ፍርዴ ይጎድላል። ነገር ግን በፊት ለፊት የታይሚንግ ሽፋን ውስጥ፣ የዘይት መተላለፊያውን የሚያሽግ ጋስኬት አለው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በተሠሩት ላይ እየተበጠሰ የዘይት ግፊቱን ይጥላል። ዕቃው ርካሽ ነው፤ ውዱ ጉልበቱ ነው፤ እሱን ለመቀየር የሞተሩ ፊት በሙሉ መፈታት አለበትና። የአንድ ወዳጄ ልጅ ከአንድ ትንሽ ዲለር የገዛው ጂ37 ጥቂት ወራት እንደተነዳ የሞተር መብራት በርቶ ጋራዥ ሲገባ የተጠየቀው 2,800 ዶላር ነበር። የመኪናውን አንድ ሦስተኛ ዋጋ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የተገኘው ግን ከጋስኬቱ ይብሳል። መኪናው ሊፍት ላይ ወጥቶ ከታች ሲታይ ሾኮቹ ስም የለሽ ኮፒዎች፣ ቸርኬዎቹም የታወቀ ስም የተለጠፈባቸው ሐሰተኞች ነበሩ፤ አንደኛው ቸርኬ ከውስጥ በኩል ተሰንጥቆ በብየዳ ተደፍኗል። የመሪው መሐል ሽፋን ከቀሪው ዳሽቦርድ ትንሽ ጠቆር ያለ ሲሆን፣ ዳሩም በደንብ አልገጠመም። መካኒኩ ሲከፍተው ውስጡ ያለው ኤርባግ የፋብሪካው አልነበረም። መኪናው ከዚህ በፊት ተጋጭቶ ኤርባጉ ከፈነዳ በኋላ በርካሽ ኮፒ ተተክቶ ነበር ማለት ነው። የፌዴራሉ የመንገድ ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር በ2024 ስለ እንደዚህ ያሉ ጥራት የሌላቸው ተተኪ ኤርባጎች አስጠንቅቋል፤ ከአደጋ ሊተርፉ ይችሉ የነበሩ አሽከርካሪዎች በሚፈነጠረው ብረት ሞተዋልና። ካምሪም ተጋጭቶ ሊጠገን ይችላል፤ ይሁን እንጂ በጂ37 ገበያ ያልተነካካ መኪና ማግኘት ራሱ ከባድ ነው። ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፍ አንዱ ዝቅ ያደርገዋል፣ አንዱ የጭስ ማውጫውን ይቆርጠዋል፣ አንዱ ኮምፒውተሩን ያስነካዋል።

ስለዚህ የትኛውም መኪና ሲታይ እነዚህን ማየት ይጠቅማል፦ ቁልፉ ሲዞር የኤርባግ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ የማይበራ ከሆነ መብራቱ ሆን ተብሎ እንዲጠፋ ተደርጎ ይሆናል። የደህንነት ቀበቶው እስከ መጨረሻው ተስቦ ሥሩ ላይ ያለው ምልክት ይነበብ፤ የተሠራበት ቀን ከመኪናው ዓመት በኋላ ከሆነ ቀበቶው ለምን እንደተቀየረ ሻጩ ያስረዳ። «ታይትሉ ክሊን ነው»፣ ማለትም የባለቤትነት ወረቀቱ የከባድ አደጋ ምልክት የለበትም የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ በጥሬ ገንዘብ የተጠገነ ግጭት በታሪክ ሪፖርት ላይ ላይታይ ይችላልና።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ገንዘብ ነው። ዋናው ምክንያቴ ግን መኪናው በልማድ የለሽ እጅ የሚያደርገው ነገር ነው። ጂ37 ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 60 ማይል ለመድረስ ከ6 ሰከንድ በታች ይበቃዋል፤ ካምሪው 8 ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም በ60 ማይል የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 88 ጫማ እንደሚሄድ መዘንጋት የለበትም። ከ40 ወደ 60 ማይል ሲደረስ ፍጥነቱ የጨመረው በግማሽ ነው፤ ፍሬን ማጥፋት ያለበት ኃይል ግን ከእጥፍ ያልፋል። ልምድ ያለው ሰው ይህን በእግሩ ያውቀዋል፤ ልጁ ገና አያውቀውም።

ዋሽንግተንን ወደሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ወደ ቤልትዌይ፣ የሚያስገባውን ጠመዝማዛ መንገድ በዝናብ እናስብ። ልጁ መሪውን እንዳዞረ ነዳጁን ጠበቅ አድርጎ ሲረግጥ፣ የሞተሩ ኃይል የሚያርፈው በኋላ ጎማዎች ላይ በመሆኑ የመኪናው ጅራት ወደ ውጭ ይሸሻል። ደንግጦ እግሩን በአንድ ጊዜ ያነሣና መሪውን በተቃራኒው አብዝቶ ያዞራል፤ መኪናውም በሌላኛው ወገን ይወረወራል። በካምሪ ያው ስህተት ሲፈጸም አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው የፊት ጎማው መንሸራተትና መኪናው ከሚፈለገው በላይ ወደ ውጭ መስፋት ነው፤ እግርን ማንሣት ብቻውን ይመልሰዋል። ሁለቱም መኪኖች መንሸራተትን የሚቆጣጠር ሥርዓት አላቸው፤ ልዩነቱ የጂ37 ባለቤቶች ለጓደኞቻቸው ለማሳየት መጀመሪያ የሚያጠፉት እሱን መሆኑ ነው። በካምሪ ማጥፊያውን የሚነካ ልጅ እስካሁን አላየሁም፤ ቢያጠፋውም የሚያሳየው ነገር የለውም።

አኃዙም ይህንኑ ይናገራል። የአውራ ጎዳና ደህንነት የኢንሹራንስ ተቋም እንደሚለው፣ ከ16 እስከ 19 ዓመት የሆኑ አሽከርካሪዎች በተነዳ ማይል ሲሰላ ሞት ያስከተለ አደጋ የሚደርስባቸው 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነው። ያው ተቋም በ2020 ሞዴል መኪኖችና ዲዛይናቸው ከእነሱ ጋር አንድ በሆነ የቀደሙ ሞዴሎች ላይ ባወጣው የአሽከርካሪዎች ሞት ዝርዝር፣ ከፍተኛውን ከያዙት 21 መኪኖች 6ቱ የካማሮ፣ የቻሌንጀር፣ የቻርጀርና የማስታንግ ዓይነቶች ነበሩ። ጂ37 በዚያ ዝርዝር አልነበረም፤ በ2020 አይሠራምና። የጉልበቱ ነገር ግን ከእነሱ ጎራ ያስመድበዋል።

በቨርጂኒያ የሚኖር ወላጅ አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቅ። ከተወሰነው ፍጥነት በ20 ማይል ማለፍ ወይም በማንኛውም መንገድ ከ85 ማይል በላይ መንዳት እዚያ ተራ ቅጣት ሳይሆን ወንጀል ነው፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጫ ሊያስከትል ይችላል። በጂ37 85 ማይል መድረስ የአንድ መግቢያ መንገድ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ ወንጀል በመሆኑም፣ ልጁ ዜግነት ካላገኘ ጠበቃ ሳያማክር ጥፋተኝነቱን እንዳይቀበል ለወዳጆቼ ሁሉ እመክራለሁ።

ስለ ዶጅ ቻርጀርም ይጠይቁኛል፤ እሱን በአጭሩ ልለፈው። ባለ ቪ8 አር/ቲው 370 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ሄሚ የሚባለው ሞተሩ ቫልቮቹን የሚያነሡት ሊፍተሮች ሲበላሹ የሚያንቀሳቅሳቸውን ካምሻፍት ይዘው ይሄዳሉ፤ ሌቦችም ይወዱታል። ቪ6 የሆነው እንኳ 292 የፈረስ ጉልበት ነው። አይሆንም።

ልጁ «በካምሪ ትምህርት ቤት መሄድ ያሳፍራል» ካለ፣ ኤስኢ የሚባለው ዓይነት መልኩ ጠንከር ያለ፣ ሞተሩ ግን ያው ባለ 2.5 ሊትር ስለሆነ በእሱ ማስታረቅ ይቻላል። የሚመሳሰለውን ቪ6 ግን እንዳያመጣ ይጠንቀቁ፤ 268 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ሻጮችም «ያው ካምሪ ነው» ይላሉ።

ዓመቱን 2015 ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የ2012ና የ2013 ካምሪዎች የፊታቸው ጠርዝ ብቻ በሚመታበት የግጭት ፈተና ደካማ ነጥብ ነበር ያገኙት፤ የ2015ቱ ግን በዚያው ፈተና ጥሩ የሚለውን ደረጃ አግኝቷል። ከ2007 እስከ 2009 የተሠሩት ባለ 2.4 ሊትሮች ዘይት በመብላት የታወቁ ስለሆኑ በ5,000 ዶላር ቢቀርቡም ይለፉ። አቅም ያለው ወላጅ 2018ን ቢመለከት መልካም ነው፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ከፊት ያለውን መኪና አይቶ ራሱ ፍሬን የሚይዘው ሥርዓት በሁሉም ካምሪ ላይ ይገኛል።

በእኛ አካባቢ ካምሪ ሲገዛ ትልቁ ጥንቃቄ በታክሲነት ወይም በኡበር ያገለገለውን መለየት ነው። ማይሉ 90 ሺህ ተብሎ የኋላ መቀመጫው ጨርቅ ከሾፌሩ መቀመጫ ይልቅ ካረጀ፣ የኋላ በሮቹ መክፈቻ ቀለሙ ከለቀቀ፣ በፊት መስታወቱ ላይም የተለጣፊ ሙጫ ምልክት ካለ፣ ከዋጋው ቢያንስ 2,000 ዶላር ይቀነስ ወይም ይተው። ኮፈኑ ሲከፈት በውሃ ፓምፑ አካባቢ የደረቀ ሮዝ ቀለም ያለው ነጠብጣብ ከታየ ፓምፑ ማፍሰስ ጀምሯል፤ እሱን ለማስቀየር ሌላ 400 ወይም 500 ዶላር ይያዝ። ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ግን የመኪናውን መለያ ቁጥር ለኢንሹራንስ ሰጥቶ በልጁ ስም የሚመጣውን ወርሃዊ ክፍያ ማስነገር ይቅደም።