ሰው በመጋበዝ የሚገኘው የጉዞ ፖይንት፦ ከዓመት በላይ ተጠቅሜበት ያየሁት

ቼዝ የተባለው የአሜሪካ ባንክ የሚሰጠውን ሳፋየር ፕሪፈርድ የሚባል ክሬዲት ካርድ ከያዝኩ ዓመት አልፎኛል። ስለ ካርዱ ብዙ ተብሏል። እኔ ማውራት የፈለግኩት ስለ አንዱ ነገሩ ብቻ ነው፤ ሰው ጋብዛችሁ ስለምታገኙት ፖይንት፣ ማለትም በገንዘብ ወይም በአውሮፕላን ትኬት ስለሚለወጠው ነጥብ። እዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ሰዎች የልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ አገር ቤት እንግባ ስንል የትኬቱ ዋጋ ራስ ያዞራል። አራት ሆኖ ለሚሄድ ቤተሰብ ደግሞ የዓመት ቁጠባ ጠራርጎ ይወስዳል። ስለዚህ ነገሩን እንደ ጨዋታ አላየውም። በደንብ ከተያዘ አያትን ከልጅ ልጅ የሚያገናኝ ገንዘብ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ካርዱ ካላችሁ አፑ ውስጥ በስማችሁ የተዘጋጀ ሊንክ አለ። ያንን ሊንክ የላካችሁለት ሰው በእሱ አመልክቶ ከተፈቀደለት ለእናንተ ፖይንት ይገባል። እኔ ስጠቀም በአንድ ሰው 10,000 ነበር፣ የዓመቱ ጣሪያ ደግሞ 100,000። የተጋበዘውም የራሱን መግቢያ ቦነስ ያገኛል። ለረጅም ጊዜ የተለመደው በ3 ወር ውስጥ 4,000 ዶላር ለተጠቀመ 60,000 ፖይንት ነበር፣ በኋላ ለ5,000 ዶላር 75,000 ሆነ። ቁጥሮቹ ስለሚቀያየሩ ሊንክ ከመላካችሁ በፊት የዕለቱን እዩ። አንዳንዴ ባንኩ ቅርንጫፍ ውስጥ ከሊንኩ የተሻለ ቦነስ ይሰጣል። እንደዚያ ሲሆን እኔ ሊንኬን አልክም፣ ሂድና ቅርንጫፍ አመልክት ነው የምለው። እኔ 10 ሺህ እንዳገኝ ወንድሜ 15 ሺህ የሚያጣበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከሁሉም ግብዣ የሚያዋጣው እዚያው ቤት ውስጥ፣ በባልና ሚስት መካከል ያለው ነው። ብዙ ቤት ግን ይሄ ያልፋል። የተለመደው፣ ባል ካርድ ያወጣና ሚስቱን በራሱ ካርድ ላይ ተጨማሪ ተጠቃሚ አድርጎ ያስገባታል። ሁለት ፕላስቲክ ነው፣ ቦነሱ ግን አንድ። በዚያ ላይ ያ ካርድ በእሷም ክሬዲት ሪፖርት (የብድር ታሪክ መዝገብ) ላይ ይወጣል። ቼዝ ደግሞ ባለፉት 24 ወራት ውስጥ፣ ከየትኛውም ባንክ ይሁን፣ 5 ወይም ከዚያ በላይ አዲስ ካርድ የከፈተን ሰው ብዙ ጊዜ አይቀበልም። ደንቡን ባንኩ በይፋ አይለጥፈውም፣ የተጠቀመ ሁሉ ግን ያውቀዋል። ተጨማሪ ተጠቃሚ የተሆነበት ካርድም ከዚያ ውስጥ ይቆጠራል። እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። መጀመሪያ እኔ ካርዱን አወጣሁ። የእኔ ቦነስ እስኪሞላ የቤቱ ወጪ ሁሉ በእኔ ካርድ ሄደ፣ አስቤዛው፣ የመኪና ኢንሹራንሱ፣ ቤንዚኑ፣ የስልክ ቢሉ። ሲሞላ ለባለቤቴ ሊንክ ላክሁላትና በራሷ ስም፣ በራሷ ክሬዲት አመለከተች። ከዚያ ወጪው ወደ እሷ ካርድ ዞረ። ለፖይንት ተብሎ የተገዛ አንድም ዕቃ የለም።

ሒሳቡን በ75,000 ብንሠራው፣ ሁለት ቦነስ 150,000፣ የግብዣው 10,000፣ ከወጪው ራሱ ደግሞ ቢያንስ 10,000፤ በጠቅላላው 170,000 ነው። በጥሬ ገንዘብ ብትወስዱት እንኳ 1,700 ዶላር ይሆናል፣ ወደ አየር መንገድ ሲዛወር ግን ከዚያ የበለጠ ሊያወጣ ይችላል። ዓመታዊ ክፍያው በካርድ 95 ዶላር ስለሆነ ለሁለት 190 ይቀነስ። ቼዝ አንድ ቤት ውስጥ ለሚኖር አንድ ሰው ፖይንት ማዛወር ስለሚፈቅድ ሁለታችንም ያገኘነውን አንድ ላይ ሰበሰብነው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ «ወደ ሼባ ማይልስ፣ ወደ ኢትዮጵያ አየር መንገድ የማይል ፕሮግራም፣ እንዴት ላዛውረው?» ብሎ ነው። ከቼዝ ወደ ሼባ ማይልስ አይዛወርም። ግን አያስፈልግም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 ታኅሣሥ ጀምሮ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የስታር አሊያንስ አባል ነው፤ በአንዱ አየር መንገድ ፖይንት የሌላውን ትኬት መቁረጥ የሚቻልበት የአየር መንገዶች ኅብረት ነው። ዩናይትድና ኤር ካናዳም እዚያው ውስጥ ናቸው። ቼዝ ለሁለቱም አንድ ለአንድ ያዛውራል። ስለዚህ «ኤሮፕላን» በሚባለው የኤር ካናዳ የማይል ፕሮግራም ላይ ሆናችሁ ከደለስ አየር ማረፊያ አዲስ አበባ የሚበረውን የራሳችንን አውሮፕላን ትቆርጣላችሁ። ኤሮፕላን የነዳጅ ጭማሪ አያስከፍልም፤ የአየር ማረፊያ ታክስና 39 የካናዳ ዶላር የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ነው። በኢኮኖሚ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣውም አይቀርም። እናት በርበሬና ሽሮ ይዛ ልትመጣ ስለሆነ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

የእናቴን ትኬት የቆረጥነው እንዲህ ነበር። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥን። ከአዲስ አበባ ደለስ፣ መሄጃ ብቻ ብለን ፈለግን። መጀመሪያ ባየነው ሳምንት ምንም የለም። ወደፊት ገፋ ስናደርግ ማክሰኞ ላይ አንድ መቀመጫ ብቅ አለ። ፖይንቱን ያዛወርነው ያኔ ነው፣ መቀመጫውን በዓይናችን ካየን በኋላ፣ ምክንያቱም አንዴ ወደ አየር መንገድ የሄደ ፖይንት ወደ ባንኩ አይመለስም። ወዲያው ገባ። ፖይንቱ የሚዛወረው በካርዱ ባለቤት ስም ወደተከፈተ አካውንት ነው፣ ከዚያ አካውንት ግን ለማንም ሰው ትኬት መቁረጥ ይቻላል። ስሟን ስንጽፍ ፓስፖርቷን በቫይበር አስልከን ፊደል በፊደል አየን፤ የአባትና የአያት ስም ፓስፖርቱ ላይ በሰፈረበት ቦታ ነው መግባት ያለበት። እዚያ ላይ አትቸኩሉ።

ከቤት ውጭ ሰው መጋበዝ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እዚህ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ሊንኬን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አልለጥፍም። የማላውቀው ሰው በእኔ ሊንክ ገብቶ ዕዳ ውስጥ ቢወድቅ አይመቸኝም። የእነዚህ ካርዶች ወለድ በዓመት 20 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። በየወሩ ሙሉውን ለማይከፍል ሰው ፖይንቱ ጥቅም አይሰጠውም፣ በጥቂት ወር ወለድ ይበላዋል። ስለዚህ ማንንም ከመጋበዜ በፊት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ አሁን ባለህ ካርድ ላይ የሚንከባለል ዕዳ አለህ? ካለ መጀመሪያ እሱ ይጽዳ እላለሁ። አንድ የማከብራቸው ትልቅ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ «እኔንም አስገባኝ እንጂ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ያለብዎትን መጀመሪያ ይጨርሱ፣ ከዚያ እኔው ራሴ መጥቼ አብረን እንሞላለን» አልኳቸው። ትንሽ ቅር አላቸው፤ ቆይተው ግን ደውለው አመሰገኑኝ።

በዲቪ ገና የመጣ ሰውም ለዚህ ካርድ አይቸኩል። ክሬዲት ታሪክ ከሌለው አይፈቀድለትም፣ ሲከለከል ደግሞ ማንም ፖይንት አያገኝም፣ ማመልከቻው ግን ሪፖርቱ ላይ ሁለት ዓመት ይቀመጣል። መጀመሪያ ባንክ ውስጥ መያዣ ገንዘብ ተቀምጦ የሚሰጠውን ካርድ አውጥቶ ዓመት ያህል በሥርዓቱ ይክፈል። ሌላው፣ ፎርም ሙላልኝ የሚል ዘመድ ካላችሁ አጠገቡ ተቀመጡ እንጂ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን በሜሴጅ አትቀበሉ። እሱ ራሱ ይጻፈው።

ሰው ለመጋበዝ ከወሰናችሁ በኋላም ሊንኩን ራሱን ነክቶ መግባቱን አረጋግጡ። የሥራ ባልደረባዬ ሊንኬን አንብቦ ወደደው፣ ከዚያ ማታ ቤቱ ሆኖ የካርዱን ስም ጎግል ላይ ፈልጎ አመለከተ። ተፈቀደለት፣ ለእኔ ግን የገባ ነገር የለም። ጥፋት የማንም አይደለም፣ ሥርዓቱ የሚያውቀው ሊንኩን ብቻ ነው። በሊንኩ የገባ ሲሆን እንኳ ፖይንቱ እስከ 8 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ በማግስቱ ካላያችሁ አትደንግጡ።

ስለ ታክስ ማንም ሳይነግረን ብዙዎቻችን የምንሰማው ደብዳቤው ሲመጣ ነው። ወጪ አውጥታችሁ ያገኛችሁት መግቢያ ቦነስ እንደ ቅናሽ ስለሚታይ ታክስ የለበትም። ሰው ጋብዛችሁ ያገኛችሁት ግን ገቢ ነው፣ ምክንያቱም ምንም አላወጣችሁበትም። ባንኩ የዓመቱን ደምሮ 1099-ሚስክ የሚባል የገቢ መግለጫ ፎርም ሊልክ ይችላል፣ አንዱን ፖይንት በአንድ ሳንቲም አስቦ፤ 10,000 ፖይንት 100 ዶላር ገቢ ማለት ነው። ፎርሙ ከመጣ መሳቢያ ውስጥ አትርሱት፣ ታክስ ለሚሠራላችሁ ሰው ስጡት፣ ኮፒው የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢው አይአርኤስም ጋ ደርሷል። ታክሱን ከፍሎም ትርፉ ጥሩ ነው። ትኬት ይወጣልኛል ብሎ ዓመቱን ሙሉ ሰው ሲያሳድድ ለሚውል ግን ድካሙን አያክልም፣ ጣሪያው እስኪሞላ ቢጋብዝ እንኳ በባንኩ ስሌት 1,000 ዶላር ነው።

የእኔን ካርድ እያሳደስኩ ነው። ውጭ አገር ስንጠቀምበት ተጨማሪ ክፍያ ስለሌለው አዲስ አበባም ይሠራልኛል። የባለቤቴን ግን ዓመቱ ሲሞላ ፍሪደም ወደሚባለው፣ ዓመታዊ ክፍያ ወደሌለው የቼዝ ካርድ እንቀይረዋለን። ፖይንቷን ወደ እኔ እያዛወረች ስለምትቀጥል ለሁለት ካርድ 190 ዶላር የምንከፍልበት ምክንያት የለም።