እማዬን ቤት ማስታመም ወይስ ነርሲንግ ሆም?

የመርሳት ሕመም ያለባት እናት አሜሪካ ስትኖር ምርጫው ከባድ ነው። ነርሲንግ ሆም፣ ማለትም የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋም፣ ሌሊቱን ሙሉ ጠባቂ አለው። ክፍያው ግን ያስጨንቃል። ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን) ከሆስፒታል በኋላ ቢበዛ 100 ቀን ያህል ብቻ ያግዛል። ከዚያ ከኪስ ነው፣ ጥሪቷ ሲሟጠጥ ደግሞ ሜዲኬድ (አቅም ለሌላቸው የሚከፍል የመንግሥት መድን)። እሱም በአብዛኛው ስቴት ያለፉትን 5 ዓመታት ሒሳብና የንብረት ዝውውር ይመረምራል። ስለዚህ ቤቷን ቸኩላችሁ በልጅ ስም አታዙሩ!

ቤት ስትሆን አማርኛዋን የሚሰማላት አለ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ኋላ የተማረችው እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይጠፋል። እማዬ ስሜን ትረሳለች፤ ቡና ሲቆላ ግን ጭሱን በእጇ ወደ ፊቷ ትስባለች። በብዙ ስቴቶች ሜዲኬድ ለአስታማሚ ልጅ ይከፍላል፣ ወረፋው ቢረዝምም። ሌሊት የምትተኛ ከሆነ እኔ ቤትን እመርጣለሁ። በር ከፍታ መውጣት ከጀመረች ግን ነርሲንግ ሆሙን፣ ለቤታችን የሚቀርበውን።