ለጨቅላው ኪሎ፦ የኋለኛው ወተት ወይስ ማጠናከሪያ ዱቄት?

1.2 ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ በየ3 ሰዓቱ በቱቦ የሚሰጠው ወተት 24 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የቡና ሲኒ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሆዱ ብዙ አይችልም፤ ስለዚህ ያችኑ ትንሽ ወተት ማበልጸግ ያስፈልጋል።

አንዱ መላ እዚያው እናትየው ጡት ላይ አለ። መጀመሪያ የሚታለበው ወተት ቀጠን ያለ፣ ትንሽ ሰማያዊ የሚመስል ነው። እየቆየ ይነጣል፣ ይወፍራል፤ ስቡም ይጨምራል። የመጀመሪያውን ለብቻ አስቀምጦ የኋለኛውን መስጠት ነው። ወጪ የለውም። ግን የሚሆነው ወተቷ ለሕፃኑ ከሚበቃው በላይ ለሆነላት እናት ነው።

በታለበው የእናት ወተት ላይ የሚበጠበጠው ማጠናከሪያ ዱቄት ከዚህ ይለያል። የኋለኛው ወተት ስብ እንጂ ፕሮቲንና ማዕድን ብዙም አይጨምርም። ዱቄቱ ግን ፕሮቲን፣ ካልሲየምና ፎስፈረስ ይዞ ይመጣል። ኪሎ መጨመር ብቻውን አይበቃም፤ አጥንቱም መጠንከር አለበት። ከ1.5 ኪሎ በታች ላለ ሕፃን እኔ ያለማመንታት ዱቄቱን እመርጣለሁ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ምክሩ ከ32 የእርግዝና ሳምንት በፊት ወይም ከ1.5 ኪሎ በታች ለተወለዱት ዱቄቱ ሊታሰብበት እንደሚችል ገልጿል።

ችግሩ ዋጋው ነው፤ እንደ ልብም አይገኝም። ዱቄት ስለሆነ ንጽህና ይፈልጋል፤ ልኩንም ባለሙያ ነው የሚወስነው። ዱቄቱ ከታጣ የኋለኛው ወተት ጥሩ ነው፣ ገላ ለገላ ከማቀፍ ጋር። እባካችሁ፣ ቅቤም ስኳርም እንዳትጨምሩበት።