የማታ ብየዳ ሥልጠና በኮምቦልቻ፦ በሩ ጥሩ ነው፣ አንድ በር ለአምስት ሰው ግን አይበቃም

ኮምቦልቻ ላይ ለአዋቂዎች በማታ የሚሰጠው ይህ አጭር ሥልጠና ጊዜውን በቁርጥራጭ ብረት ላይ መስመር በማስበየድ አይጨርስም። ሰልጣኞች ከመጀመሪያው ሳምንት በአምስት በአምስት ሆነው 90 በ210 ሴንቲ ሜትር የሆነ የላሜራ በር እንዲሠሩ ይሰጣቸዋል፤ የቀረው ትምህርት በሩን ተከትሎ ይመጣል።

ሒሳቡም ከብረቱ ይጀምራል። የ40 በ40 ሚሊ ሜትር አርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) አንዱ ዘንግ 6 ሜትር ነው፣ የበሩ ዙሪያም 600 ሴንቲ ሜትር። ወረቀት ላይ ልክክ ይላል፤ የመቁረጫው ዲስክ ግን በየቁርጡ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚበላ የመጨረሻው ቁራጭ ያጥራል። መፍትሔው በ45 ዲግሪ ሲቆርጡ ብረቱን እያገላበጡ አንዱን ቁርጥ ለሁለት ቁራጭ ማዋል ነው። ያኔ እንዲያውም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተርፋል። አሰልጣኙ ይህን አስቀድሞ አይናገርም፣ በእርሳስ አስሥሎ እስኪደርሱበት ይጠብቃል። ደግ አደረገ!

ፍሬሙ በነጥብ ብየዳ ለጊዜው ከተያያዘ በኋላ ሁለቱም ሰያፎች 228.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካልመጡ ወደ ሙሉ ብየዳ አይታለፍም። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ስለሚሰበሰብ አንዱን ማዕዘን ጨርሶ ወደ ጎረቤቱ የሄደ ሰው ፍሬሙ ይጣመምበታል፤ በተቃራኒ ማዕዘን እያፈራረቁ መሄድ ነው። 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ብረት የ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) በ60 እና 70 አምፒር መካከል ይበቃል። ችግሩ ማሽኖቹ ሁሉ በአንድ መስመር ላይ መሆናቸው ነው። አብረው ሲነሱ ኃይሉ ይወርድና ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል፤ ሰልጣኙ አምፒር ይጨምራል፤ ጎረቤቱ ማሽኑን ሲያጠፋ ኃይሉ ይመለስና ብረቱ ይበሳል። ጥፋቱ የእጁ ይመስለዋል። ማሽኖቹን በተራ ማስነሳት ወጪ የሌለው ነገር ነበር።

ትልቁ ጉድለት ቡድኑ ነው። አምስት ሰው አንድ በር ሲሠራ፣ እጁ የቀለለው ይበይዳል፤ የቀሩት ብረት ይይዛሉ፣ ግራይንደር ይመታሉ። በሩ አምሮ ይወጣል፣ የብቃት ምዘናው ላይ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚቆመው። ቡድኑን ወደ አራት አውርዶ ለአንድ ሰው አንድ ማዕዘን ቢሰጥ፣ ብየዳውም ከመሞረዱ በፊት ቢታይ፣ ማን እንደቻለ ማን እንዳልቻለ በግልጽ ይለያል። የተሞረደና ቀለም የተቀባ ማዕዘን ምንም አይናገርም።

ጓንትና ጭንብል በተራ ስለሚደርስ የራስን ይዞ መሄድ ይሻላል። ከደሴ የምትመላለሱ ደግሞ ከመመዝገባችሁ በፊት የመውጫ ሰዓቱን ጠይቁ፤ ሲመሽ ወደ ደሴ የሚያደርሰውን የሐረጎ ዳገት የሚወጣ ታክሲ እንደ ልብ አይገኝም።