ስሟን ለማላውቃት አስተርጓሚ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ሁለት ዓመት ወሰደብኝ። የማመሰግናትን ሰው መልኳን አላውቅም፣ ስሟንም አልነገረችኝም። የማውቀው ድምፅዋን ብቻ ነው።

ድሮ በሌላ ከተማ ስንኖር አንድ ሌሊት ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። ፖሊሶቹ ከባለቤቴ ጋር በእንግሊዝኛ አወሩ። የእኔን ቃል ያስተረጎመላቸው የዘጠኝ ዓመት ልጄ ነው። የአባቱን ዓይን እያየ «ተጨቃጭቀው ነው፣ አሁን ደህና ናት» አላቸው። ሄዱ። ልጄ እስከ ዛሬ «እማዬ፣ ያኔ በትክክል አልነገርኳቸውም አይደል?» እያለ ይጠይቀኛል።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባን በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በደረሰኝ ጀርባ 1-800-799-7233 ብላ ጽፋ ሰጠችኝ። አገር አቀፉ የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር ነው፤ ሌትም ቀንም ይሠራል። «ሲያነሱት አምሃሪክ በይና ጠብቂ» አለችኝ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ደወልኩ፣ ከዚያም ቁጥሩን ከስልኬ አጠፋሁ። በዚያው ወደ ሮክቪል፣ ወደ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የቤተሰብ ፍትሕ ማዕከል ሄድኩ። ፖሊሱም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ አማካሪውም እዚያው አንድ ቤት ውስጥ ናቸው፤ የሚከፈል ነገር የለም።

የማዕከሉ ሠራተኛ አስተርጓሚ በስልክ ጠርታ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በመካከላችን አስቀመጠችው። «ጤና ይስጥልኝ» የሚል ድምፅ ስሰማ ክው አልኩ። ሐበሻ ናት! ገመናዬ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል ብዬ ልነሣ ቃጣኝ። እሷ ግን ረጋ ብላ «የሚናገሩት ሁሉ ምስጢር ነው። ያሉትን እንዳሉት ነው የምተረጉመው፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም። የኔንም ስም አልናገርም» አለችኝ። አንቱ ብላ ነው ያናገረችኝ። እቤቴ ስድብ ስሜ ከሆነ በኋላ አንቱ ስባል እንባዬ መጣ።

«አንገቴን ያዘኝ» አልኩ። ምልክት ስላልተወ ከጥፊው የቀለለ ይመስለኝ ነበር። በእሷ በኩል «መተንፈስ አቅቶዎት ነበር? ድምፅዎ ተለውጦ ነበር?» የሚል ጥያቄ መጣ። ዓይኔ ጨልሞ እንደነበር፣ ድምፄም ለሦስት ቀን እንደዘጋ ነገርኳቸው። ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ማነቅ ሴት ልጅ ልትገደል እንደምትችል ከሚያሳዩ ከባድ ምልክቶች አንዱ እንደሆነ፣ በሜሪላንድም ከጥቅምት 2020 ጀምሮ በአንደኛ ደረጃ ጥቃት እንደሚያስከስስ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። «ያዘኝ» የምትለዋን ቃል ልጄ ቢተረጉማት ኖሮ ዝም ብላ ታልፍ ነበር።

ደብዳቢው እንዳይጠጋ ፍርድ ቤት የሚያወጣውን የጥበቃ ትዕዛዝ ለማመልከት ክፍያ የለውም። ፍርድ ቤት ሲዘጋ ደግሞ ኮሚሽነር የሚባለው የፍርድ ቤቱ ሹም ማመልከቻውን ሌሊትም ይቀበላል። ባለቤቴ «አንድ ስልክ ብደውል አገርሽ ትገቢያለሽ» ይለኝ ስለነበር ከዱላው በላይ የሚያስፈራኝ ወረቀቴ ነበር። ጠበቃዋ ግን ቫዋ የሚባል ሕግ እንዳለ፣ ባሏ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሆኖ የሚደበድባት ሴት ያለ እሱ ፊርማ ራሷ ማመልከት እንደምትችል፣ ኢሚግሬሽንም ለእሱ እንደማይነግርበት አስረዳችኝ። ይህን ሁሉ ያቺው ድምፅ ቃል በቃል አደረሰችልኝ።

ሽማግሌ አልነቅፍም፤ ሦስት ጊዜ ታርቄያለሁ። በአራተኛው ግን አንገቴ ላይ ደረሰ።

እህቶቼ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ስትሄዱ ልጃችሁን አታስተርጉሙ። የባላችሁን ዘመድማ በፍጹም። አስተርጓሚ በነጻ ይሰጣችኋል፤ ካልተግባባችሁ «ሌላ ይቀየርልኝ» በሉ፣ ማንም አይቆጣችሁም። የሐበሻ ድምፅ ስትሰሙም እንደ እኔ አትደንግጡ።

ስልኩ ሊዘጋ ሲል «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እህቴ» አልኩ። እሷ ወዲያው ለሠራተኛዋ ተረጎመችላት፤ ሠራተኛዋም ፈገግ ብላ እጄን ያዘች፣ መስመሩ ተዘጋ። ሠራተኛዋም ምስጋና ይገባታል። ያን ጊዜ ግን ያልኩት ለእርስዎ ነበር።