ኤስአርዲ 5.2 ሲመዘን፦ የሰብክላስ ጉርሻ ስፔሎች ባሕር ዳር ላሉ ዲኤሞች

ባሕር ዳር ላይ የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (ዲኤም የሚባል ሰው ታሪኩን እየመራ፣ ሌሎቹ ገጸ ባሕርይ ይዘው የሚጫወቱት የጠረጴዛ ጨዋታ) መጽሐፍ ገበያ ወጥቶ መግዛት ከባድ ነው፤ ከውጭ ለማዘዝም ዶላር የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። ስለዚህ እዚህ ለሚጫወት ቡድን ዋናው መጽሐፍ ኤስአርዲ 5.2 ነው፤ የጨዋታው አሳታሚ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የለቀቀው ነፃ ፒዲኤፍ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታደሰውን ሕግ ይዟል፣ ከ350 ገጽም ያልፋል። ምንጩን እስከጠቀሳችሁ ድረስ ማተምም፣ ወደ አማርኛ መመለስም፣ አሻሽሎ ማከፋፈልም ይፈቀዳል። ሰነዱ ሰፊ ነው፤ እዚህ የምንመዝነው ሰብክላስ (በክላስ፣ ማለትም በገጸ ባሕርይው ሙያ፣ ሥር የሚመረጥ ዘርፍ) በነፃ የሚጨምራቸውን ስፔሎች (አስማቶች) ብቻ ነው፣ ተጫዋቾች «እሱ ለምን ከእኔ በለጠ?» የሚባባሉት በዚህ ነውና።

ከደጉ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ሕግ ሶርሰረር (አስማቱ በደሙ ያለ ክላስ) የመጨረሻው 20ኛ ደረጃ ደርሶም የሚያውቀው 15 ስፔል ነበር፤ የድራጎን ደም ያለው ሰብክላስም አንዲት አይጨምርለትም። እ.ኤ.አ. በ2020 የመጡት የሶርሰረር ሰብክላሶች አቤራንት ማይንድና ክሎክወርክ ሶል ግን ካንትሪፕ (ያለ ገደብ የሚደጋገም ቀላል ስፔል) ሳይቆጠር አሥር አሥር ስፔል ይዘው መጡ። 15 የያዘና 25 የያዘ ሶርሰረር አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ አንዱ ያማርጣል፣ ሌላው ያችኑ «ፋየርቦል» ይደጋግማል። አዲሱ ሰነድ ይህን አርሟል። ድራኮኒክ ሶርሰሪ (የድራጎን ደሙ ሰብክላስ) በ3ኛ ደረጃ አራት፣ በ5ኛ፣ በ7ኛና በ9ኛ ሁለት ሁለት ስፔል ይሰጣል። 5ኛ ደረጃ ላይ ሶርሰረሩ ራሱ የሚያዘጋጃቸው (ለመጠቀም መርጦ የሚይዛቸው) 9 ናቸው፤ ከጉርሻው 6 ጋር 15 ይሆናሉ። የድሮው ሶርሰረር እዚህ ቁጥር ላይ የሚደርሰው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ነበር።

ቁጥር ግን ብቻውን አያስተማምንም። የላይፍ ዶሜይን ክለሪክ (ኃይሉን ከአምላክ የሚያገኝ ክላስ) የሚያገኛቸው አሥሩም ስፔሎች ማንኛውም ክለሪክ ሊያዘጋጃቸው የሚችሉ ናቸው፤ ትርፉ ለሌላ ስፔል ቦታ ማስለቀቃቸው ነው። የፊንድ ፓትሮን ዋርሎክ (ከኃያል ፍጡር ጋር ውል ያሰረ ክላስ) ደግሞ ከ«ሰጀስሽን» በቀር ዘጠኙን፣ «ፋየርቦል»ን ጨምሮ፣ ከክላሱ ዝርዝር ውጭ ያገኛል። ወረቀት ላይ አድልዎ ይመስላል። አይደለም፤ ዋርሎክ 5ኛ ደረጃ ላይ ያለው ስሎት (ስፔል የሚተኮስበት ዕድል) ሁለት ብቻ ነው። 12 አማራጭ ይዞ ሁለቴ ይተኩስና ስሎቱ እንዲመለስለት አጭር ዕረፍት ይጠብቃል። ያንኑ ዝርዝር በዚያው ደረጃ 9 ስሎት ላለው ሶርሰረር ብትሰጡት ግን ሚዛኑ ይናጋል። ክለሪክ በየረጅም ዕረፍቱ ያዘጋጀውን ሁሉ መቀየር ሲችል ሶርሰረር የሚቀይረው ደረጃ ሲያድግ፣ ያውም አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጉርሻ ለሶርሰረር የሚያወጣው ዋጋ ለክለሪክ ከሚያወጣው ይበልጣል።

ድራኮኒክ የሚታማው በኮንሰንትሬሽን ነው። «አልተር ሰልፍ»፣ «ድራጎንስ ብሬዝ»፣ «ፊር»፣ «ፍላይ»፣ «አርኬን አይ» እና «ሰመን ድራጎን» ሁሉም ኮንሰንትሬሽን ይይዛሉ፤ አንዱን ስትጀምሩ ሌላው ይወድቃል። ከአሥሩ ስድስቱ እንዲህ ከሆኑ በአንድ ፍልሚያ ውስጥ የሚሠራው ጉርሻ ከሚታየው ያነሰ ነው። የዝርዝሩ ዕንቁ «ኮማንድ» ናት፣ ተጫዋች ግን 1ኛ እርከን ናት ብሎ ያልፋታል። ኮንሰንትሬሽን አትፈልግም፣ ከሶርሰረር ዝርዝር ውጭ ናት፣ በከፍተኛ ስሎት ዒላማ ስለምትጨምርም ትዊንድ ስፔል በሚባለው የሶርሰረር ችሎታ በአንድ የሶርሰሪ ነጥብ ሁለት ጠላት ታዛለች።

ሌላው ችግር የዕቃ ዋጋ ነው፤ ሰነዱ ስለዚህ ዲኤሙን አያስጠነቅቅም። በ9ኛ ደረጃ የሚመጡት ሁለቱም ጉርሻዎች ገንዘብ ይበላሉ። «ሌጀንድ ሎር» 250 ወርቅ የሚያወጣ ዕጣን ያቃጥላል፤ በዚያ ላይ እያንዳንዳቸው 50 ወርቅ የሚያወጡ አራት የዝሆን ጥርስ ቁርጥራጮች ይፈልጋል። «ሰመን ድራጎን» የድራጎን ምስል የተቀረጸበት 500 ወርቅ የሚያወጣ ዕቃ ይጠይቃል። ወርቅ የሚሰስት ዲኤም ሳያውቀው ሰብክላሱን ያሽመደምደዋል። ቡድኑ 8ኛ ደረጃ ላይ እያለ ዕቃውን ከምርኮ መካከል ማስቀመጥ ይበቃል።

ሌሎቹን በአጭሩ። የሰርክል ኦፍ ዘ ላንድ ድሩይድ (የተፈጥሮ አስማተኛ) ካንትሪፑ ተቆጥሮ ስድስት ስፔል ብቻ ቢያገኝም በየረጅም ዕረፍቱ የመሬቱን ዓይነት ይቀይራል፤ ስለዚህ ከቁጥሩ በላይ ጠንካራ ነው። (ጣና ዳር የሚካሄድ ታሪክ ላይ ተጫዋቹ ትሮፒካልም ቴምፐሬትም ቢል አትከራከሩት፣ ሕጉ የሚጠይቀው ምርጫውን እንጂ ካርታ አይደለም።) ኢቮከር ዊዛርድ ጉርሻውን የሚያገኘው በአስማት መጽሐፉ ላይ ተጽፎ እንጂ ተዘጋጅቶ አይደለም፤ የጎጃም ደብተራ የሚመስል፣ ብራናውን ተሸክሞ የሚዞር ገጸ ባሕርይ ለሚፈልግ ይስማማል። ሃንተር ሬንጀር (የዱር አዳኝ) ባዶ እጁን ነው የቀረው። ልትደግፉት ከፈለጋችሁ በ3ኛ፣ 5ኛ፣ 9ኛ፣ 13ኛና 17ኛ ደረጃ አንድ አንድ ስፔል ጨምሩለት፤ ለምሳሌ «ፌዘር ፎል»፣ ቀጥሎ «ሚስቲ ስቴፕ»። ኮንሰንትሬሽን የሚይዝ አትስጡት፣ ያንን ቦታ የሬንጀር ዋና ስፔል «ሀንተርስ ማርክ» ይዞታል።

ትልቁ ጉድለት ለየክላሱ አንድ ሰብክላስ ብቻ መቅረቡ ነው፤ የራሳችሁን ስትሠሩ ጉርሻውን በምን እንደምትመዝኑም አይነግራችሁም። በእያንዳንዱ ስፔል ርዕስ ሥር የትኛው ክላስ እንደሚጠቀምበት ተጽፏል፤ መቁጠር የሚጀመረው ከዚያ ነው። ለምሳሌ የጣና ሶርሰረር እንሥራ። በ3ኛ ደረጃ «ፎግ ክላውድ»፣ «ክሪኤት ኦር ዴስትሮይ ዋተር»፣ «ሚስቲ ስቴፕ»፣ «ገስት ኦፍ ዊንድ»፤ በ5ኛ «ዋተር ብሪዚንግ» እና «ኮል ላይትኒንግ»፤ በ7ኛ «ኮንትሮል ዋተር» እና «ፍሪደም ኦፍ ሙቭመንት»፤ በ9ኛ «ስክራይንግ» እና «ኮንጀር ኤለመንታል»። ኮንሰንትሬሽን የሚይዙት ስድስት ናቸው፣ እንደ ድራኮኒክ። ከሶርሰረር ዝርዝር ውጭ የሆኑት ግን ስድስት ሲሆኑ የድራኮኒክ አራት ናቸው። ሚዛኑን ያዛባው «ኮል ላይትኒንግ» ነው፤ ስሎት ሳይጨምር በየተራው መብረቅ ያወርዳል። በ«ዋተር ዎክ» ተኩት። ያ የሶርሰረር ስፔል ነው፣ ታንኳ ጠፍቶባቸው ወደ ገዳም ደሴት መሻገር ላለባቸውም ይበጃል። ድራኮኒክ በ3ኛ ደረጃ ተጨማሪ ሕይወትና ከካሪዝማ የሚሰላ አርመር ክላስ (የመከላከያ ቁጥር) እንደሚሰጥም አትርሱ፤ የእናንተው ሰብክላስ ይህን የሚያህል ነገር ከሌለው «ኮል ላይትኒንግ» ባለበት ይቆይ። «ስክራይንግ» 1,000 ወርቅ የሚያወጣ መመልከቻ ይፈልጋል፤ ውኃ የሞላበት የብር ሳህን በደሴቱ ዕቃ ቤት አስቀምጡላቸው።

ሙሉውን ማሳተም አያስፈልግም። ፒዲኤፉን ኔት ባለበት ሰዓት ስልክ ላይ አውርዱ፤ ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ አካባቢ ካሉ ኮፒ ቤቶች ለየተጫዋቹ የክላሱን ገጾች ብቻ በሁለት ፊት አሳትሙ፤ የጉርሻ ስፔሎቹን ዝርዝር ደግሞ በእጅ ጽፋችሁ ከገጸ ባሕርይው ወረቀት ጀርባ ለጥፉት፣ ካልታየ ተጫዋቹ እንዳለው ይረሳልና።