የአባዬን ፎቶዎች ከነስማቸው ላሻገረችልን ልጅ

ሐዋሳ ላላችሁ፣ በተለይ ቤታችሁ ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የቤተሰብ ፎቶ ለተከማቸባችሁ ነው የምጽፈው። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ያላትን አንዲት ልጅ ማመስገን እፈልጋለሁ። ስሟንና ስልኳን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ጠይቃኛለች። በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን በደስታ እሰጣለሁ።

አባዬ መምህር ነበር። ካሜራ ከእጁ አይለይም ነበር። አሞራ ገደል ዓሣ የሚያራግፉ ጀልባዎች፣ ታቦር ተራራ ላይ የወጡ ተማሪዎች፣ ጉዱማሌ ላይ ፍቼ ጨምበላላ ሲከበር፣ የጎረቤት ሰርግ፣ የእኛ ክርስትና። ጡረታ ከወጣ በኋላ የወረቀቶቹን ፎቶዎች አንድ በአንድ ስካን አድርጎ ፒካሳ የሚባል የጉግል ፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም ውስጥ አስገባቸው። ማታ ማታ ቁጭ ብሎ በየሰዉ ፊት ላይ ስም ይጽፍ ነበር። ስም ሲጠፋበት እማዬን ከማጀት ይጠራታል። ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው።

ባለፈው ክረምት ኮምፒውተሩ መንጨርጨር ጀመረ። እየሠራ በመሃል ይጠፋል። ፒካሳም ቢሆን ጉግል በፈረንጅ 2016 ካቆመው ወዲህ የሚያድሰው የለም። 31,400 ፎቶ፣ 164 ጊጋባይት፣ አንድ የሚያቃስት ዲስክ ላይ። እንቅልፍ አጣሁ።

መጀመሪያ አንድ ሌላ ቤት ወስጄው ነበር። ለሙከራ ጥቂት መቶ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ፎቶ በሚያስቀምጠው ጉግል ፎቶስ ላይ ጫኑልኝና “አለቀ፣ ቀላል ነው” አሉኝ። ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ ከፈትኩት። ፎቶው አለ። የእኔ ክርስትና ትናንት የተነሳ ይላል። እማዬ ስልኩን ተቀብላ ትንሽ አየችና መለሰችልኝ። “ስሙስ? እሱ የጻፈው ስም የት ሄደ?” አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ከዚያ ነው ጓደኛዬ ወደዚህች ልጅ የላከኝ።

የመጀመሪያውን ቀን ምንም አልጫነችም። “ጋሼ፣ ይህን ዲስክ አላምነውም” ብላ መጀመሪያ ሁሉንም ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጠችው። ከዚያ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና በየፎልደሩ ውስጥ የተደበቀች አንዲት ትንሽ ፋይል አሳየችኝ። ፒካሳ ፊት ላይ የሚጻፈውን ስም የሚያስቀምጠው እዚያ ነው፣ ፎቶው ውስጥ አይደለም። አባዬ ያበራቸውና የቆረጣቸው ፎቶዎች ማስተካከያም ፎቶው ላይ ሴቭ ካልተደረገ እዚያው ነው ያለው። “ፎቶው ብቻ ቢሄድ ስሙ እዚህ ይቀራል” አለችኝ። ያኔ ነው የእማዬ ጥያቄ መልስ ያገኘው።

ስሞቹን ወደ ፎቶው ራሱ የሚጽፍ ትእዛዝ ፒካሳ ውስጥ አለ። ችግሩ ጉግል ፎቶስ የፒካሳን የፊት ስም አይቀበልም። ስለዚህ ኤክሲፍቱል በሚባል ነፃ ፕሮግራም ስሞቹን የፎቶው መግለጫ ውስጥ አስገባቻቸው። ያንንም ቢሆን በአንዴ አላደረገችውም። በአሥር ፎቶ ሞከረች። የአማርኛው ፊደል የጥያቄ ምልክት ሆኖ እንዳይወጣ በእኔም በእማዬም ስልክ ከፍታ አየች። ደህና መሆኑን ስታረጋግጥ ነው ወደ ቀረው የገባችው።

ቀኑ ደግሞ ሌላ ሥራ ነበር። አባዬ ፎልደሮቹን የሰየመው በእኛ አቆጣጠር ነው። “ጥምቀት 1987” የሚለውን ማሽኑ እንዳለ ቢወስደው የፈረንጅ 1987 ያደርገዋል። በፈረንጅ ግን ጃንዋሪ 1995 ነው። “መስቀል 1990” ደግሞ ሴፕቴምበር 1997። እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያለው 7 ዓመት ይደመርበታል፣ ከዚያ በኋላ ያለው 8። ይህን የሚያስብ ሰው ይገኛል ብዬ አልጠበቅሁም። ቀን ያልተጻፈባቸውን ለመለየት እማዬን አስመጣኋት። ልጅቷ ሻይ አዝዛላት ጎን ለጎን ተቀመጡ። “እማማ፣ ይህቺን ያውቋታል?” “አዎ ልጄ፣ የምሥራች የተባለችው ሕፃን ሳለች ነው።” እያሉ ሁለት ከሰዓት ሙሉ። እማዬ ካባዬ ሞት ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

መጫኑ ብዙ የሚወራለት የለም፣ ትዕግሥት ብቻ ነው። የማውረጃና የመጫኛ ፍጥነት አንድ አይደለም። የእኛ ቤት መስመር ሲጭን በሰከንድ 3 ሜጋቢት ገደማ ነው። ልጅቷ ወረቀት ላይ አስልታ በየሌሊቱ ለ8 ሰዓታት ብንጭን 15 ሌሊት ይፈጃል አለችኝ። መብራት ሁለቴ ሄዶብን በ17 ሌሊት አለቀ። በየጠዋቱ ስንት እንደገባ ትጠይቀኛለች። ጉግል ፎቶስ ተመሳሳዩን ፋይል ሁለት ጊዜ ስለማይቀበል ከተቋረጠበት ለመቀጠል አልተቸገርንም።

ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋ ለጂሜይልም ለድራይቭም ለፎቶም በጋራ ነው፣ ስለዚህ 200 ጊጋውን መግዛት ነበረብን። ክፍያውን ውጭ ያለችው እህቴ ቻለችልን። ጥራቱን እንዳለ አስቀረችው፤ ቦታ የሚቆጥበውን ብንመርጥ ከ16 ሜጋፒክስል በላይ ያለውን ያሳንሰዋል። ሳልጠይቃት የነገረችኝ ነገር ደግሞ አለ። ክፍያ ተቋርጦ ከተፈቀደው በላይ ሆኖ 2 ዓመት ከቆየ ሊሰረዝ ይችላል። ስልክ ላይ ከመተግበሪያው የሚሰረዝ ፎቶ ክላውዱም (የኢንተርኔቱ ማከማቻ) ላይ ይሰረዛል፣ ቅርጫት ውስጥ 60 ቀን ብቻ ይቆያል። “ስለዚህ ሃርድ ዲስኮቹን አይጣሉ። አንዱ እርስዎ ጋ፣ አንዱ ሌላ ዘመድ ቤት ይሁን” አለችኝ። አንዱን ዘመድ ቤት አስቀመጥኩ።

ዋጋውን መጀመሪያ ነው የነገረችኝ፤ 3,500 ብር። ሥራው ከገመተችው በላይ ሲፈጅባት አልጨመረችም። ልጨምርላት ብል “ተስማምተናል እኮ” አለችኝ። ስለዚህ እናንተ ሂዱላት። ሥራ ይብዛላት።

ስትሄዱ ኮምፒውተሩን ብቻ አትውሰዱ። ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች የሚያውቅ ትልቅ ሰው ካላችሁ አብራችሁ ውሰዱ። እኛ ዘንድ እማዬም ያላወቀቻቸው 212 ፎቶዎች ቀርተዋል። አክስቴ ቅዳሜ ከይርጋለም ትመጣለች። ልጅቷ ከሰዓቱን ለእሷ ክፍት አድርጋ ትጠብቀናለች።